ላብ ለሌለው እንስሳ ቬንትሌተር ምን ይፈይዳል? ሃምስተርን፣ ጊኒ ፒግንና መሰሎቻቸውን ከሙቀት መጠበቂያ መመሪያ

ሙቀት ሲበረታ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቬንትሌተር ማብራት ነው። በቤቱ ሃምስተር ወይም ጊኒ ፒግ ካለ ደግሞ ለእሱም አዝኖ ቬንትሌተሩን ወደ ኬጁ ያዞርለታል። ሐሳቡ የደግ ሰው ነው፤ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው። ነፋስ ሰውን ይበልጥ የሚያቀዘቅዘው በቆዳችን ላይ ያለውን ላብ ስለሚያተን ነው፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አይጥ መሰል እንስሳት እንደ እኛ ገላን የሚያረጥብ ላብ የላቸውም። ያሏቸው ጥቂት የላብ ዕጢዎች ከመዳፋቸው ሥር ናቸው፤ ሰውነትን ለማቀዝቀዝ አይበቁም። እንደ ውሻ እያለከለኩ ሙቀት ማስወጣትም እምብዛም አይሆንላቸውም። በዚህ መመሪያ የሚቀርበው ምክር ሁሉ የሚነሣው ከዚሁ ነው፦ ትኩረትዎ እንስሳው ባለበት አየርና በሚተኛበት ወለል ላይ ይሁን፤ ሥራውንም ሙቀቱ ቤት ሳይገባ ይጀምሩ።

ታዲያ እነዚህ እንስሳት ሙቀትን በምን ይቋቋማሉ? የአይጥ ጅራት ፀጉር የሌለውና በደም ሥር የተሞላ ነው፤ ሙቀት ሲበዛ የደም ሥሮቹ ይሰፉና ትኩሱን ደም ወደ ቆዳው አቅርበው ሙቀቱን ለአየሩ ያስረክባሉ። የቺንቺላ ትልልቅ ጆሮዎችም ይህንኑ ይሠራሉ። ሃምስተር ያለው ቁራጭ ጅራት ነው፤ ጊኒ ፒግ ጭራሽ ጅራት የለውም። ሌላው ዘዴ ምራቅን ፀጉር ላይ መቀባት ነው፤ ይህ ላብን በመጠኑ ይተካል፣ ነገር ግን ከሰውነት ውኃ ይጨርሳል፤ ወበቅ ባለበት አየር ደግሞ ምራቁም ቶሎ አይተንም። የቀረው ሆድን ቀዝቃዛ ነገር ላይ ለጥፎ መዘርጋት ነው። እንግዲህ ከምራቁ በቀር እነዚህ መንገዶች የሚሠሩት ዙሪያው ከእንስሳው ገላ ሲቀዘቅዝ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። የክፍሉ ሙቀት ወደ 38 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ይህም የእንስሳው የራሱ የሰውነት ሙቀት አካባቢ ነው፣ ጅራቱም ሆነ ጆሮው ሙቀቱን የሚያራግፍበት ቦታ ያጣል። ያን ጊዜ ቬንትሌተሩ የሚገፋለት ትኩስ አየር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሣው ተቃውሞ አለ፦ «ሃምስተር የበረሃ አገር እንስሳ አይደለም እንዴ? ሙቀት ምን ያደርገዋል?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ጉዳዩን በደንብ ያብራራዋል። በየቤቱ የሚረባው ወርቃማው ሃምስተር የመጣው ከሶሪያ ነው። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተመራማሪ የነበረው እስራኤል አሃሮኒ በ1930 እ.ኤ.አ. በሐለብ ከተማ አቅራቢያ አንዲት እናት ከነግልገሎቿ አስቆፍሮ አወጣ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በኬጅ ያሉት ወርቃማ ሃምስተሮች አብዛኞቹ የዚያ ቤተሰብ ዘሮች ናቸው። የሐለብ በጋ በቀን ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሃምስተሩ ግን ያን ሙቀት ቆሞ አይቀበለውም። ከግማሽ ሜትር በላይ፣ አንዳንዴም እስከ 1 ሜትር ድረስ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፍራል፤ አፈሩም ቀን የሚነደውን ፀሐይ አያሳልፍም። የሞንጎሊያው ጀርቢልም እንዲሁ ነው። በአገራችን ደጋ የፍልፈልን የአፈር ክምር ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ አየሩ ሲከፋ መሸሸጊያው ምድር ውስጥ ነው። ጊኒ ፒግና ቺንቺላ ደግሞ ጥንቱንም የደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራራ አገር ልጆች ናቸው፤ በተለይ ቺንቺላ ከአንዲት የፀጉር ቀዳዳ ከ50 በላይ ፀጉሮች የሚበቅሉለት፣ ለብርድ የተሠራ እንስሳ ነው። ኬጅ ውስጥ ያለ እንስሳ የሚወርድበት ጉድጓድ የለውም። ጉድጓዱን የወሰድንበት እኛ ስለሆንን፣ ጉድጓዱ ይሰጠው የነበረውን ቅዝቃዜ ማቅረብም የእኛ ፈንታ ነው። «ለአይጥ ይህ ሁሉ?» ለሚል ሰውም መልሱ ይኸው ነው፤ ሜዳ ላይ ያለችው አይጥ ራሷን ታድናለች፣ የተቆለፈባት ግን አትችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቴርሞሜትር ገዝቶ ከኬጁ ጎን፣ እንስሳው በሚተኛበት ከፍታ መስቀል ነው። የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚመዘግብና እርጥበትን የሚለካ ቢሆን ይመረጣል፤ ዋጋው ብዙ አይደለም። የስልክዎ የአየር ትንበያ የሚነግርዎ የከተማውን ሙቀት ነው፤ በአራተኛ ፎቅ በምዕራብ መስኮት ሥር ያለ ኬጅ ከዚያ በብዙ ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። የራስዎ ስሜትም አይታመንም፤ እርስዎ ልብስዎን አቅልለው እያላቡ «ይቻላል» ያሉት ክፍል ባለ ፀጉር ኮቱን ማውለቅ ለማይችል እንስሳ ከባድ ነው። ጊኒ ፒግና ሃምስተር ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ይመቻቸዋል፤ አይጦችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ቁጥሩ 26 ሲደርስ ሥራ ይጀምሩ፤ ከ30 በላይ ለሕይወታቸው ያሰጋል። ቺንቺላ ከሁሉም ይለያል፤ የሚስማማው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ያለው አየር ሲሆን 25 ለእሱ አደጋ ነው። ቺንቺላ አርቢዎች በፋራናይት የተለካውን ሙቀትና የእርጥበቱን መቶኛ ይደምራሉ፤ ድምሩ ከ150 ካለፈ ክፍሉን አደገኛ ይሉታል። ለምሳሌ 75 ፋራናይት (24 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ከ80 በመቶ እርጥበት ጋር 155 ይሆናል፤ ለሰው ቀለል ያለ የሚመስል ቀን ለቺንቺላ የጭንቅ ቀን ነው ማለት ነው። ያረገዙ፣ ያረጁና የወፈሩ እንስሳት ከተጠቀሱት ቁጥሮች ቀድመው ይጎዳሉ።

ቀጥሎ የኬጁን ቦታ ይመርምሩ። ብዙ ሰው ከዚህ ይልቅ በረዶ ወደ ማዘጋጀት ይሮጣል፤ ስሌቱ ግን የሚመራው ወደ መጋረጃው ነው። ግማሽ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 167 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። በጠራ ቀን ፀሐይ ፊት ለፊት የምታገኘው 1 ካሬ ሜትር መስኮት 500 ዋት ያህል ሙቀት ወደ ክፍሉ ሊያስገባ ይችላል፤ በዚህ ሒሳብ ያ ሁሉ በረዶ የሚመልሰው ከ6 ደቂቃ ያነሰ ፀሐይ ነው። ስለሆነም ጠዋት ፀሐይዋ ሳትዞር መጋረጃውን ይዝጉ፤ ከውጭ የሚዘጋ መከለያ ካለ ሙቀቱን ከመስታወቱ ወዲያ ስለሚያስቀረው የበለጠ ይጠቅማል። ኬጁን ከመስኮት፣ ከምድጃ፣ ከፍሪጅ ጀርባና ከቴሌቪዥን ያርቁት፤ ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣም ከመደርደሪያ አውርደው ወለሉ አጠገብ ያኑሩት። ምድር ቤት ያለው ቤት ውስጥ ከሆኑ፣ በዋሺንግተንና በሜሪላንድ አካባቢ እንደሚገኙት ብዙ ቤቶች፣ ከሁሉ የተሻለው ቦታ እዚያ ነው፤ ሻጋታ እንዳይኖር ብቻ ይመልከቱ። እንስሳው በመስታወት ሣጥን የሚኖር ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። መስታወት የፀሐይን ብርሃን ያስገባል፣ ሙቀቱን ግን ይዞ ያስቀራል፤ አየርም በጎኑ አያልፍም። በረንዳ ላይ «ትንሽ አየር ይውሰድ» ተብሎ የተተወ የመስታወት ሣጥን፣ ጥላው ሲዞር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ገዳይ ይሆናል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍልም፣ ከተማው አዲስ አበባ ቢሆን እንኳ፣ እኩለ ቀን ላይ በቴርሞሜትር ሳይለካ አይታመን።

ቬንትሌተሩ ጥቅም የሚሰጠው ማታ ነው። ውጭው ከቤቱ ሲቀዘቅዝ ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶችን ከፍተው ቬንትሌተሩን አንደኛው መስኮት ላይ ወደ ውጭ ያዙሩት፤ የቀኑን ትኩስ አየር ያስወጣል፣ ቀዝቃዛው በሌላው ይገባል። ማለዳ ውጭው መሞቅ ሲጀምር ሁሉን ይዝጉ። ወፍራም ግድግዳ ያለው ቤት በዚህ ብቻ ቀኑን ሊያሳልፍ ይችላል። አየሩ ደረቅ በሆነባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ በሪያድ፣ እርጥብ ጨርቅ መስቀልና በውኃ የሚሠራ ማቀዝቀዣም ይረዳል። በጂዳ፣ በዱባይ ወይም በዋሺንግተን የሐምሌ ወበቅ ግን ያው እርጥብ ጨርቅ የክፍሉን ወበቅ ከማባስ አያልፍም፤ አየሩ በውኃ ተሞልቶ ሌላ ውኃ አይቀበልምና። እንዲህ ባለ ቦታ መፍትሔው ኤሲ ነው። ወጪው ያሳስባል፤ አግባብም ነው። ነገር ግን ለእንስሳው ሲባል ሌላ ክፍል ማቀዝቀዝ አያስፈልግም፦ ሙቀቱ እስኪያልፍ ኬጁን ቤተሰቡ ቀድሞም ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል ያዛውሩት፣ በሩን ይዝጉ፣ ኤሲውን 22 ወይም 23 ላይ ያድርጉት። ነፋሱ በቀጥታ ኬጁ ላይ እንዳይወርድ ያድርጉ። ከቤት ሲወጡ ኤሲውን ማጥፋት ልማድዎ ከሆነ፣ በጣም የሚሞቀው ከቀትር በኋላ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ መሆኑን ያስታውሱ፤ ብዙ ሰው ሥራ ላይ፣ እንስሳውም ብቻውን የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

ክፍሉ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ኬጁ ውስጥ ይግቡ። እዚህ የሚፈለገው እንስሳው ሲሻው የሚጠጋው፣ ሲበቃው የሚለየው ቀዝቃዛ ቦታ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ሴራሚክ ነው፦ አንድ ወይም ሁለት የወለል ሴራሚክ ፍሪጅ ውስጥ አቆይተው ያስገቡለት፤ ሲሞቅ በሌላ ይለውጡት። ሁለተኛው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። እስከ አፉ ሳይሞላ በውኃ ተሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ፣ ከዚያ በካልሲ ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ በኬጁ አንድ ጫፍ ይተኛ። ያልተጠቀለለ በረዶ ቆዳ ላይ ማሳረፍ ይጎዳል። ጥቅሉ ሲረጥብ ይቀይሩት፤ ከሥሩ የሚረጥበው ጉዝጓዝ ቶሎ ይሻግታልና። ለቁስል የሚያገለግሉትን ጄል ያለባቸው የበረዶ ከረጢቶች ግን አይጠቀሙ፤ እነዚህ እንስሳት ያገኙትን ሁሉ ይቆረጥማሉ፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለውም ሊመርዛቸው ይችላል። ከጠርሙሱ ቢበዛ የሚፈሰው ንጹሕ ውኃ ነው። በረዶው ክፍሉን እንደማያቀዘቅዝ ከላይ በስሌት አይተናል፤ ጥቅሙ እንስሳው ሆዱን የሚያስጠጋበት መሆኑ ነው፣ ስለዚህ መጋረጃውንና ኤሲውን ይተካል ብለው አይመኑ።

ሙቀት ሲመጣ ጉዝጓዙን ጠርጎ ማውጣት ብዙዎች የሚያደርጉት ነው፤ «ይሞቀዋል» ብለው። ለሃምስተርና ለጀርቢል ይህ ስሕተት ነው። ጥልቅ ጉዝጓዝ ለእነሱ የጉድጓዱ ምትክ ነው፤ በተለይ ሴራሚክ ከሥር ከተነጠፈበት ቆፍረው ወደ ቀዝቃዛው ይወርዳሉ። የሚወጣው የጨርቅ መኝታውና የጥጥ ዓይነቱ መሸፈኛ ነው። ከኬጁ አንዱን ጎን በስስ ጉዝጓዝ ትተው ሌላውን ጥልቅ ቢያደርጉት ምርጫው የእንስሳው ይሆናል። አየር የማያሳልፈውን የፕላስቲክ ቤት በእንጨት ቤት ወይም በሁለቱም ጫፍ በተከፈተ የሸክላ ቧንቧ ይተኩለት። ኬጁን በእርጥብ አንሶላ ሙሉ በሙሉ መሸፈንም ጥሩ አይደለም፤ ውስጡን ወበቅ ያደርገዋል፣ አየሩንም ያፍናል። አንሶላ የግድ ካስፈለገ አንድ ጎን ብቻ ይሸፈን።

ውኃን በተመለከተ ዋናው አደጋ የማይታየው ነው። ባለ ኳስ የመጠጫ ጠርሙስ ሙሉ ሆኖ እያለ ኳሷ ተጣብቃ ጠብታ ላይሰጥ ይችላል፤ ባለቤቱም ውኃ እንዳለ አይቶ ያልፋል። ስለዚህ በየጠዋቱና በየማታው ኳሷን በጣትዎ ነክተው ውኃው መውረዱን ይመልከቱ፤ በሙቀት ወራት ሁለት ጠርሙስ ይስቀሉ፣ ውኃውንም በየቀኑ ይለውጡ። ስኳር፣ ጨው ወይም ቫይታሚን አይቀላቅሉበት፤ ጣዕሙ ሲለወጥ መጠጣት ሊያቆሙ ይችላሉ። ለጊኒ ፒግ ኪያር፣ ሰላጣና የፈረንጅ ቃሪያ ውኃም ምግብም ይሆኑታል፤ ቃሪያው በተለይ ሰውነቱ ሊሠራው የማይችለውን ቫይታሚን ሲ ይሰጠዋል። ለሃምስተር የጥፍር ያህል ቁራጭ ኪያር ይበቃል፤ ከበዛ ያስቀምጠዋል። ለቺንቺላ ድርቆሹና ውኃው ይሻለዋል። በሙቀት ትኩስ አትክልት ቶሎ ስለሚበላሽ ያልተበላውን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያንሡ። ጊኒ ፒግ ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት፦ በየቀኑ የእንስሳውን መቀመጫ ገልብጦ ማየት። በሽንትና በኩስ በረጠበ ፀጉር ላይ ዝንብ እንቁላል ትጥላለች፤ በአንድ ቀን ውስጥ ትሉ ተፈልፍሎ ሥጋውን መብላት ይጀምራል። እርጥቡን ጉዝጓዝ በየቀኑ ማንሣትና ፀጉሩን ደረቅ ማድረግ ይህን ይከላከላል።

ረጅም ፀጉር ያላቸውን ጊኒ ፒጎች ከኋላና ከሆድ በኩል ማሳጠር ይረዳል። ቺንቺላን ግን አይሸልቱት፣ ፀጉሩንም በውኃ አያርጥቡት፤ ያ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ውኃ ከያዘ ቶሎ አይደርቅም። ጨዋታና መንኮራኩር በማለዳና በማታ ይሁን፤ እኩለ ቀን ላይ ልጆች እንዳያነሡት ይንገሯቸው፣ የእጃቸውም ሙቀት ይጨመርበታልና።

ከቤት ውጭ ያለው ትልቁ አደጋ መኪና ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ በ10 ዲግሪ ገደማ ሊጨምር ይችላል፤ መስታወቱን ገርበብ ማድረግ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። መንገድ ካለብዎ መኪናውን አስቀድመው አቀዝቅዘው እንስሳውን በመጨረሻ ያስገቡ፤ መንገድ ላይ «አንድ ዕቃ ገዝቼ ልምጣ» ብለው ጥለውት አይውረዱ። ሌላው የመብራት መጥፋት ነው። ሰኔ 29 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. በዋሺንግተን ዙሪያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በደረሰበት ቀን ማታ የመጣው ዐውሎ ነፋስ እጅግ ብዙ ቤቶችን ለቀናት ያለ መብራት አስቀርቷል። ኤሲ ከሌለም ጉዳዩ ያው ነው፤ እንግሊዝ ሐምሌ 19 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ከ40 ዲግሪ ስታልፍ አብዛኛው ቤት ኤሲ አልነበረውም። ስለዚህ በሙቀት ወራት ሁለት ሦስት ጠርሙስ በረዶ ሁልጊዜ ፍሪዘር ውስጥ ይኑር፤ መብራት ቢጠፋ ኬጁን ወደየትኛው ዘመድ ወይም ጎረቤት ቤት እንደሚወስዱም አስቀድመው ይነጋገሩ። በአረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ ከሆነና የልጆቹ ሃምስተር እንክብካቤ በእርስዎ ላይ ከወደቀ፣ ቤተሰቡ ለዕረፍት ሲወጣ ኬጁ ያለበት ክፍል ኤሲ እንዳይጠፋ ከመሄዳቸው በፊት ይጠይቁ፤ እንስሳው ከተጎዳ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እንስሳው በሙቀት ሊመታ ይችላል። ምልክቱ ቶሎ ቶሎና በጭንቅ መተንፈስ፣ ጎኑን ጥሎ መዘርጋት፣ ለሀጭ ማዝረብረብ፣ ሲነኩት አለመነቃቃት፣ ሲራመድ መንገዳገድ ነው፤ በቺንቺላ ጆሮው ቀልቶ ይግላል። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁኔታው እጅግ ከፍቷል። ወዲያውኑ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ይውሰዱት፤ ለብ ካለ ትንሽ በሚቀዘቅዝ ውኃ ጨርቅ ነክረው ጆሮውንና እግሮቹን፣ አይጥ ከሆነ ጅራቱንም ያርጥቡ። ላብ የሌለውን እንስሳ አሁን እርስዎ ስላረጠቡት፣ ቬንትሌተሩም በስሱ ቢነፍስበት ይረዳል። ፀጉሩን በሙሉ አይንከሩ። «ሰው በሙቀት ሲመታ በበረዶ ውኃ ይነከር የለም ወይ?» ሊባል ይችላል። ለሰው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሰው ገላ ትልቅ ነው፣ ብዙውን ጊዜም በባለሙያ ቁጥጥር ነው የሚደረገው። 150 ግራም የማይሞላ ሃምስተር በበረዶ ውኃ ውስጥ ከትኩሳት ወደ አደገኛ ብርድ የሚሻገረው በአፍታ ነው፣ ድንጋጤውም ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ዐይኑን ገልጦ ራሱን ማንሣት ሲጀምር ማርጠቡን ያቁሙ። ውኃ አጠገቡ ያኑሩለት፣ በአፉ ግን በግድ አያፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቢሻለውም ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት፤ ሙቀቱ በኩላሊትና በአንጀት ላይ ያደረሰው ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ውሻና ድመት የሚያዩ ሐኪሞች ሁሉ ሃምስተርና ቺንቺላ አያዩም፤ ስለዚህ የሚያዩትን ሐኪም፣ ማታና ቅዳሜና እሑድ የሚከፍተውንም ጭምር፣ ዛሬ ፈልገው ስልኩን ከኬጁ አጠገብ ጽፈው ይለጥፉ።